ቀንድ አውጣ የማይቀመጥበት ቆርቆሮ

ሥራዬን ለሚጠይቀኝ ሰው «ውሃ ምርመራ ላይ ነኝ» እላለሁ፤ አብዛኛው ሰው እዚያው ላይ ይተወኛል። አማቴ፣ የባለቤቴ እናት፣ ግን አልተዉኝም። ልጃቸው ሊያስተዋውቀኝ ይዞኝ የሄደ ዕለት አጠገባቸው አስቀምጠው አንድ በአንድ አስለፈለፉኝ። እንጨት፣ ሲሚንቶ፣ ፕላስቲክ፣ ጎማና ቆርቆሮ ቆራርጬ ሐይቁ ውስጥ በሽቦ እንደማንጠለጥል፣ ከሳምንታት በኋላ እያወጣሁ የትኛው ላይ ቀንድ አውጣ እንደሰፈረ እንደማይ ነገርኳቸው። ዝም ብለው ሰሙኝና ጎረቤት ሁሉ እንዲሰማ ድምፃቸውን ከፍ አድርገው «ወላሂ፣ ልጄ የቀንድ አውጣ እረኛ አገባ!» ብለው ሳቁ። ሴቶቹም አብረው ሳቁ። ከዚያ ቀን ጀምሮ በመንደሩ የቀንድ አውጣ እረኛዋ ተብዬ ቀረሁ።

የተወለድኩት ከአሶሳ ወጣ ብሎ ባለ የሰፋሪዎች አምባ ነው። ወላጆቼ ከወሎ የመጡ ናቸው፤ እናቴ ስትናገር የሰማ ሰው ዛሬም ትናንት ከደሴ የወረደች ይመስለዋል። አማቴ ደግሞ በርታ ናቸው። አማርኛ ሁለተኛ ቋንቋቸው ስለሆነ ወንድና ሴት አይለዩበትም፤ እኔንም «ና፣ ብላ» ይሉኛል፣ ላሚቱንም «መጣ» ይሏታል። ሃይማኖታችን አንድ ስለሆነ ጋብቻው ብዙ አላነታረከም። ባለቤቴ የሚሠራው ጾሬ የስደተኞች መጠለያ ካምፕ ነው፣ ቤታችን አሶሳ ነው፤ እኔ ለሥራ ወደ ሐይቁ በወረድኩ ቁጥር ግን የማድረው አማቴ ቤት ነበር። አንዳንዴ ከእሱ ይልቅ ከእናቱ ጋር የተጋባሁ ይመስለኝ ነበር።

የአማቴ መንደር ድሮ ወንዙ ዳር ነበር። ግድቡ ውሃ መያዝ ሲጀምርና ወንዙ ሐይቅ ሲሆን መንደሩ ከፍ ወዳለው ቦታ ተዛወረ። ሰው ሁሉ የቻለውን ነቅሎ ወሰደ፤ በር፣ መስኮት፣ ማገር፣ የወፍጮ ድንጋይ። የመስጊዱንም ጣሪያ አንድ በአንድ ነቅለው አወጡት። አዲሱ መንደር ላይ ግን አዲስ መስጊድ ከነአዲስ ጣሪያው ተሠራና አሮጌው ቆርቆሮ ሥራ አጣ። እንግዲህ ቁርኣን ሲቀራበት የኖረ ጣሪያ ነው። የፍየል ጋጣ አይከደንበትም፣ የሽንት ቤት ግድግዳ አይሆንም፣ ገበያም አይወጣም። ከመስጊዱ ጀርባ ተደርድሮ ተቀመጠ። የድሮ ቆርቆሮ ነው፣ ወፍራም፣ ዝገት ያልነካው።

ያንን ጣሪያ በጎልማሳነታቸው ወጥተው የመቱት የአማቴ ባል ነበሩ። እሳቸው ውሃው ሳይመጣ ሞተው በአሮጌው መንደር መቃብር ተቀብረዋል፣ መቃብሩም ዛሬ ሐይቁ ውስጥ ነው። ከመቃብሩ ራስጌ የነበረው ትልቅ ማንጎ ግን ደርቆ ጫፉ ከውሃው በላይ ይታያል። እኔ ሰሌዳ የምላቸውን ቁርጥራጮቼን የማንጠለጥለው እዚያ ማንጎ ላይ ነበር። የመረጥኩት ለዳሩ ቅርብ ስለሆነ ብቻ ነው፤ የማን ራስጌ እንደሆነ አላውቅም ነበር። ስሰማ ደንግጬ አማቴን ፈቃድ ጠየቅኩ።

«ብቻውን ነው» አሉኝ። «እንግዳ ይወዳል። እሰር።»

የሥራዬ ነገር እንዲህ ነው። ወንዙ ሲሮጥ በዚያ ዳር ያልነበረ ነገር ውሃው ሲቆም መጣ። ከምስር ፍሬ ከፍ የሚል ቡናማ ቀንድ አውጣ ነው፣ ጠፍጣፋ፣ ጥቅልል። ከየት እንደመጣ ሰው ይከራከራል፤ አንዱ በጀልባ ሆድ ተጣብቆ ነው ይላል፣ ሌላው በዓሣ መረብ። እኔ ከየትም ይምጣ፣ መጥቶ ምን ላይ ይቀመጣል የሚለው ነበር የሚያገባኝ። ቀንድ አውጣ ባገኘው ነገር ላይ ዝም ብሎ አይሰፍርም። ውሃ ውስጥ የገባ ዕቃ መጀመሪያ ቀጭን ዝልግልግ ነገር ይይዘዋል፣ ቀጥሎ አረንጓዴ ይለብሳል፤ ቀንድ አውጣው የሚመጣው ያንን ሊግጥ ነው። ሲሚንቶ ሻካራ ስለሆነ ቶሎ ይለብሳል። ፕላስቲክ ላይ ዕንቁላሉን እንደ ንፍጥ ለጥፎበት ይሄዳል። ጎማ ይወዳል፣ እንጨትም መበስበስ ሲጀምር ይወዳል። ቆርቆሮን ግን ይሸሸዋል። ቆርቆሮን ከዝገት የሚጠብቀው ነጭ ሽፋን ለእንዲህ ያለ ትንሽ ፍጥረት መርዝ ነው፣ አረንጓዴውም ደህና አድርጎ አይበቅልበትም። ይህን እንዳጣራ የተላክሁት ለጀልባ መቆሚያና ለዓሣ ማርቢያ የሚሆን ዕቃ ለመምረጥ ነው፤ ስለ ሰው የጠየቀኝ አልነበረም።

አንድ ቀን ሰሌዳዎቹን አውጥቼ ዳር ላይ ሸራ አንጥፌ ደረደርኳቸው። አማቴ ልብስ ሊያጥቡ ወርደው ነበርና መጥተው አጠገቤ ቁጢጥ አሉ። ሲሚንቶው ላይ የተግተለተለውን ሲያዩ ፊታቸውን አጨማደዱ። ጎማውን በእንጨት ገፋ አደረጉት። ቆርቆሮው ላይ ሲደርሱ ግን በእጃቸው አነሱት፣ ከራስ እስከ እግር በተጠቀለሉበት ቶብ ጫፍ ጠረጉት፣ ወደ ፀሐይ አዙረው አዩት። አንድም አልነበረበትም።

«እሱ ለምን የለውም?»

«ቆርቆሮ አይወዱም እማ። አይቀመጡበትም።»

«ሁልጊዜ?»

«ሁልጊዜ።»

«ነዲፍ ነው» አሉ። ነዲፍ በእነሱ አፍ ንጹሕ ማለት ነው፣ ከዐረብኛ የመጣ። ቆርቆሮውን ቀስ ብለው ቦታው መለሱና ልብሳቸውን ሸክፈው ዳገቱን ወጡ። እኔ እቃዬን መሰብሰብ ቀጠልኩ። ደስ ብሎኝ ነበር፣ ሥራዬን ሰው ከነጉዳዩ ሲያይልኝ የመጀመሪያው ነበር።

በሚቀጥለው ጊዜ ስወርድ ከመስጊዱ ጀርባ ተደርድሮ የነበረው ቆርቆሮ የለም። የሐይቁ ዳር ጭቃ ነው፤ ሴቶቹ ውዱእ ለማድረግም ሆነ ለማጠብ ሲወርዱ እግራቸው ይሰምጥ ነበር። አማቴ ሼኹ ዘንድ ሄደው አመለከቱ። የሰጋጁን ራስ ሲጠብቅ የኖረ ቆርቆሮ ለሰላት የሚታጠብ ሰው ቢቆምበት ምን ክፋት አለው? ሼኹ አሰቡበትና ነገሩ ልክ ሆኖ አገኙት። ወንዶቹ ግንድ ቀብረው ቆርቆሮውን ከላይ ቸነከሩበት፤ ከዳሩ ተነሥቶ ውሃው ውስጥ ገብቶ እስከ ጉልበት የሚያደርስ መረማመጃ ሆነ። ፀሐይ ሲያርፍበት ዓይን ይወጋል። አማቴ እጄን ይዘው አወረዱኝና ሙሽራ እንደሚያሳይ ሰው ጎንበስ ብለው አሳዩኝ።

«አየህ? አንድ ቀንድ አውጣ የለም። በረካ አለው።»

ቀንድ አውጣው ራሱ ሰው አይጎዳም። ሰው የሚጎዳው በሆዱ የሚያድረው ትል ነው፣ ቢልሃርዚያ። ትሉ ፀሐይ ሲሞቅ ከቀንድ አውጣው ወጥቶ በራሱ ይዋኛል፤ ለዓይን አይታይም፤ ቆዳ ፈልጎ ነው የሚዞረው። ቆርቆሮው ላይ መቀመጥ አያስፈልገውም። ከመረማመጃው ጎን ያለው ደንገል ደግሞ ሥሩ ሁሉ ቀንድ አውጣ ነው። ከሁሉ የባሰው፣ ድሮ ሴቶቹ ጭቃውን ስለሚጠሉ ታጥበው ይሮጡ ነበር። አሁን ምቹ መቆሚያ አገኙ። ሞቅ ባለው ውሃ ውስጥ እስከ ጉልበታቸው ገብተው ወሬያቸውን ይሰልቃሉ።

ይህን ሁሉ ተናገርኩ። በአማርኛ ተናገርኩ፣ የባሌ እህት ከእናቷ ጋር ስለምትኖር እሷ ወደ በርታ እየመለሰችልኝ ተናገርኩ። ደንገሉን ነቅዬ ሥሩን አራግፌ አሳየኋቸው። ሴቶቹ በትሕትና አዩልኝ።

«እሱ እዚያ ነው» አሉ አማቴ። «እኛ እዚህ ነን።»

«ትሉ ይዋኛል እማ! ከዚያ ወደዚህ ይመጣል።»

«ትሉ የታለ?»

«አይታይም።»

ሴቶቹ ተያዩ። አማቴ እንደ መሳቅ ብለው ትከሻዬን መታ መታ አደረጉኝ። «አንተ ራስህ አሳየኸኝ። በዓይኔ አየሁ። አሁን የማይታይ ነገር ታመጣለህ?» የገዛ ሰሌዳዬ ምስክር ሆኖ ቆሞብኛል። ሰው ሊያይ የሚችለው የቀንድ አውጣውን መቀመጫ ነው፣ እኔ ደግሞ ያንን ነበር አውጥቼ ፀሐይ ላይ ያሰጣሁት።

አለቃዬን ይዤ ወረድኩ፤ ከትልቅ ሰው አፍ ሲሰሙት ያምኑ ይሆናል ብዬ። እሱ ሆዬ መረማመጃውን ሲያይ ፊቱ በራ። ከዚህም ከዚያም ፎቶ አነሣው፣ አማቴንም በመሃል አቁሞ አነሣቸው። «ኅብረተሰቡ የጥናቱን ውጤት በራሱ ተግባር ላይ አዋለው እኮ!» ይላል። ሰው ይታመምበታል ስለው «እሱ የጤና ቢሮ ጉዳይ ነው፣ እኛ ያጠናነው አሰፋፈሩን ነው» አለኝ። ያ ፎቶ በኋላ በትልቁ ታትሞ በቢሯችን መተላለፊያ ተሰቀለ። አማቴ ቶባቸውን ሰብስበው፣ ጉልበታቸው ድረስ ውሃ ውስጥ ቆመው ይስቃሉ።

መንደሩ የእጅ ፓምፕ አለው። ውሃው ብረት ብረት ይላል እንጂ ጤነኛ ነው። ለአማቴ ኢብሪቅ ገዛሁላቸው፣ ሰማያዊ፣ አፉ ሾጠጥ ያለ፤ ከፓምፑ ሞልተው ደጃፋቸው ላይ ተቀምጠው ውዱእ እንዲያደርጉበት። አመሰገኑኝ። በሌላ ጊዜ ስመጣ ዶሮዎቹን ሲያጠጡበት አገኘኋቸው። ተቆጣሁ። ለአማት የማይባል ነገር ሁሉ ተናገርኩ፤ ግትር አልኳቸው፣ በራሳቸው ላይ የፈረዱ አልኳቸው። እስክጨርስ ጠበቁኝና «ና» ብለው ይዘውኝ ወረዱ።

ቆርቆሮው ላይ ጫማቸውን አውልቀው ገቡ። አንድ ቦታ ነበረቻቸው፣ ሁልጊዜ እዚያው ላይ ነው የሚቆሙት። ውሃው ጉልበታቸው ጋ ሲደርስ ወደ ማንጎው ጫፍ ዞሩና በበርታ ቋንቋ ረጋ ብለው ማውራት ጀመሩ። የጎረቤት ወሬ በሚወራበት ድምፅ ነው። የእኔን ስም ከመካከል ሰማሁት። ሲጨርሱ ታጠቡ፣ ክንዳቸውን፣ ፊታቸውን፣ እግራቸውን፣ ሳይቸኩሉ።

«ምን አሉት?» አልኳቸው።

«የልጅህ ሚስት ይጮሃል አልኩት።» ሳቁ፣ ቀጥለው ግን ፊታቸው ከበድ አለ። «እሱ ውሃ ውስጥ ነው። እኔ ደረቅ ላይ ሆኜ ብጠራው አይሰማም። እግሬ ሲነካው ይሰማል። ያንተ ኢብሪቅ ይህን ያደርጋል?»

አንጀቴን በሉት። በዚያችው ቅጽበት ግን ልጮህባቸውም ፈልጌ ነበር። እኔ ስለ ትል አወራለሁ፣ እሳቸው ስለ ባላቸው ያወራሉ፤ እንዴት አድርገን እንገናኝ?

ሆዳቸው እየተነፋ የመጣው ከዚያ በኋላ ነው። ክንዳቸው ከሳ፣ ሆዳቸው ግን ቶቡን ገፍቶ ወጣ። የጤና ባለሙያዎች ለመንደሩ ሁሉ ክኒን ሊያድሉ በመጡ ጊዜ አማቴንም ቁመት በሚለካበት ዘንግ አቁመው ለክተው እንደ ቁመታቸው ሰጧቸው። መራራ ነው ብለው ተራገሙ፣ አስመለሳቸው፣ ከዚያ ግን ተሻላቸው። ምግብ በሉ፣ ፊታቸው መለስ አለ። በደስታ አቀፍኳቸው። የተሻላቸው ዕለት ወዴት የሄዱ ይመስላችኋል? ቀጥታ ወደ ቆርቆሮው። ክኒኑ በሆድ ያለውን ትል ይገድላል እንጂ ነገ በእግር የሚገባውን አይከለክልም። በተሻላቸው ቁጥር ይወርዳሉ፣ በወረዱ ቁጥር ይታመማሉ። ባለቤቴን አፋጠጥኩት።

«እናትህ ነች፣ አንተ ንገራት።»

«ምን ብዬ? አባቴን አታናግሪ ልበላት?»

«አዎ! እንደዚያ በላት!»

ልብሱን ለብሶ ወደ ጾሬ ሄደ። በካምፑ ከየአገሩ የተሰደደ ሰው ሲያስተናግድ ይውላል፤ እናቱም ከመንደራቸው የተነቀሉ መሆናቸውን ከእኔ በላይ ያውቃል። አውቆ ዝም ማለቱ ነበር የሚያበግነኝ።

አንድ ማለዳ ሴቶቹ ሳይወርዱ ቀደምኳቸው። ከሥራ መኪናችን የሚስማር መንቀያ ይዤ ነበር። ከዳር በኩል ያለውን ቆርቆሮ ነቅዬ ግማሹን ገልብጬ ወደ ላይ ስጎትት የባሌ እህት ጀሪካን ይዛ ደረሰች። ጀሪካኑን ጥላ ጮኸች። ወዲያው ዳሩ በሰው ተሞላ። የመስጊድ ቆርቆሮ በብረት የፈነቀለች፣ ያውም የሰፋሪ ልጅ! ሼኹ መጡ። አልሰደቡኝም፣ መንቀያውን ከእጄ ተቀብለው «ይበቃል ልጄ» ብቻ አሉኝ። ባለቤቴ ተጠርቶ መጣና በእኔ ፈንታ ይቅርታ ጠየቀ። ወንዶቹ ቆርቆሮውን እንደነበረ መልሰው መቱት፣ የበፊቱን እጥፍ ሚስማር ጨምረው። እኔ ይቅርታ አልጠየቅኩም። ዛሬም ቢሆን አልጠይቅም፤ ያጠፋሁት ቢኖር ማለዳው ላይ ዘግይቼ መነሣቴ ነው።

አማቴ በዚያ ቀን አላናገሩኝም። ማታ እራት ሲቀርብ ግን የእኔን ድርሻ ራሳቸው ቆርሰው ወደ እኔ ገፉልኝ። «ብላ» አሉኝ። «አንተ ክፉ አይደለህም። ብዙ ታውቃለህ፣ ጭንቀት ነው።» በላሁ።

ክረምቱ ሲወጣ ደም አስመለሳቸው። የባሌ እህት ደውላ ስታለቅስ ቃሉን መለየት አቅቶኝ ነበር። በጭነት መኪና ጋቢና ውስጥ በሁለት ሰው መካከል አስደግፈው አሶሳ አደረሷቸው። ሐኪሙ የሚቻለውን ሁሉ አደረገ፣ እኔና ባለቤቴም ደም ሰጠን። ጉበታቸው ጠጥሮ ደም መመለሻ አጥቶ የጉሮሯቸው ሥር ፈንድቷል አለን። ወደ ውጭ ወጥቼ ስጠይቀው ይህ የአንድ ዓመት ሥራ አይደለም አለኝ፤ ከሐይቁ በፊት ከሌላ ውሃ የመጣ ሊሆን ይችላል፣ ከሐይቁም ሊሆን ይችላል፣ ይሄ የዚያ ነው ያ የዚህ ነው ብሎ መለየት አይቻልም። ሊያጽናናኝ ነው መሰለኝ። እኔ ግን በተሻላቸው ቁጥር ሲወርዱ በዓይኔ አይቻለሁ፣ ማንም ሊያጽናናኝ አልቻለም።

አልጋቸው አጠገብ ስቀመጥ ዓይናቸውን ገለጡ። ድምፃቸው አልቆ ነበር፣ ጆሮዬን አስጠጋሁ።

«ቆርቆሮውን አትንካ።»

«አልነካውም እማ።»

«አሁንም ነዲፍ ነው?»

ሰሌዳዬን ከሰቀልኩበት ጊዜ ጀምሮ ስለ ቀንድ አውጣ ለጠየቀኝ ሰው ሁሉ እውነቱን ነው የተናገርኩት። «ነዲፍ ነው» አልኳቸው። ደስ አላቸው። በማግስቱ ሞቱ።

ሬሳቸውን ወደ መንደሩ መለስን። ሴት የምትታጠበው በሴት ነው፤ የባሌ እህትና እኔ ከሁለት አሮጊቶች ጋር ሆነን አጠብናቸው። ውሃው በጀሪካን መጣ፣ ከየት እንደተቀዳ አልጠየቅኩም፣ ሳየው ግን የፓምፑ ዝገት ቀለም አልነበረውም። ሰማያዊውን ኢብሪቅ አምጥተው በእጄ ሰጡኝ። አፈሰስኩ። ያንን የተወጠረ ሆድ፣ ያንን የከሳ ክንድ፣ በመጨረሻም እግራቸውን። ውስጥ እግራቸው ሻካራ ነበር፣ በቆርቆሮ ሸንተረር ልክ የደነደነ መስመር ወጥቶበታል። ጣቴን በዚያ መስመር ላይ አድርጌ ትንሽ ቆየሁ፣ አሮጊቷ ቀጥዪ አለችኝ። የተቀበሩት በአዲሱ መቃብር ነው፣ ከዳገቱ ላይ፣ ከባላቸው ርቀው።

ለቀስተኛው ሲቀንስ ወደ ሐይቁ ወረድኩ። ጥናቱ አብቅቶ ነበርና ሰሌዳዎቼን ላወርድ ነው የመጣሁት፣ ቢያንስ ለራሴ እንደዚያ አልኩ። የውሃው መጠን ቀነስ ብሏል። መረማመጃው እንደ ድሮው ያበራል። ጠጋ ስል ግን ከውሃው ወለል ትንሽ ዝቅ ብሎ የጠቆረ ነገር አየሁ። ጎንበስ አልኩ። አማቴ የሚቆሙባት ቦታ ነች። ሁልጊዜ እዚያው ላይ እየቆሙ፣ እግር ለእግር እያሹ ሲታጠቡ፣ ነጩ ሽፋን ተፍቆ አልቋል። ከሥሩ ያለው ብረት ዝጎ ሻክሯል፣ አረንጓዴ ይዟል። በአረንጓዴው ላይ ቀንድ አውጣው ጎን ለጎን ሰፍሯል። ሌላው ቆርቆሮ ላይ አንድም የለም፤ እዚያች ላይ ብቻ ነው፣ የሁለት እግር ቅርጽ ይዞ፣ ተረከዝና ጣት እስኪለይ ድረስ። በሥራ ዘመኔ እንደዚያ ያለ ሰሌዳ አይቼ አላውቅም። እዚያው ጭቃው ላይ ተቀመጥኩና በለቅሶው ጊዜ ያላለቀስኩትን አለቀስኩ።

የባሌ እህት ከኋላዬ መጣች። በጣቴ አሳየኋት። ጎንበስ ብላ አየች፣ «ሱብሃነላህ» ብላ አፏን ያዘች። ያን ጊዜ አመነችኝ፣ ፊቷ ላይ አይቻለሁ።

«አየሽ አይደል? ቆርቆሮውም ያልቃል። ከእንግዲህ እዚህ አትግቡ፣ ስለ አላህ ብለሽ ለሴቶቹም ንገሪያቸው።»

ራሷን በእሺታ ነቀነቀች። ዓይኗን ከእናቷ እግር ቦታ ላይ አንሥታ ወደ ማንጎው ጫፍ አየች፣ ቆየች።

«እማ እንደሞተ ለአባቴ ማንም አልነገረውም» አለችኝ፣ በእናቷ አማርኛ።

ጫማዋን አወለቀች። ቶቧን እስከ ጉልበቷ ሰበሰበች። ቀንድ አውጣው የሰፈረባትን ቦታ ተጠንቅቃ ዘለለች፣ አንድ እርምጃ ወደ ጎን ፈቀቅ ብላ ገና በሚያበራው ላይ እየረገጠች ገባች። ውሃው ጉልበቷ ጋ ሲደርስ ወደ ማንጎው ዞራ በእናቷ ድምፅ ማውራት ጀመረች። ጨርሳ ፊቷን ታጠበችና ከውሃው ውስጥ እንደቆመች እጇን ዘረጋችልኝ።

«እዚህ ነዲፍ ነው» አለችኝ። «ና።»